«ኮሮና ሁሉንም እኩል ነካ» ሲባል

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን የኮሮና ጊዜ ተነሳ። አንዱ ጓደኛችን «ያኔ እኮ ሁላችንም እኩል ነበርን፤ ወንድ የለ፣ ሴት የለ» አለ። ቡና የምትቀዳልን ልጅ ሳቀች። ምንም አልተናገረችም። ሳቋ ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባ።

«በሽታው ወንድ ሴት አይልም»

ሞቱን ካየን ይላል። በዓለም ላይ በኮሮና የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለው ወንዶች ነበሩ። ወደ እንጀራው ስንመጣ ግን ይገለበጣል። የዓለም ሥራ ድርጅት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች ቁጥር በ4.2 በመቶ ሲቀንስ የወንዶቹ በ3 በመቶ ነው የቀነሰው።

«እኛ ጋ መቼ ቤት ተዘጋብን?»

እውነት ነው፣ እንደ ውጭ አገር በር አልተቆለፈብንም። ትምህርት ቤት ግን መጋቢት 2012 ተዘግቶ መከፈት የጀመረው ጥቅምት 2013 ነው። ሰባት ወር ሙሉ ልጅ ቤት ዋለ። ማን ያዘው? መኪና በግማሽ ሰው እንዲጭን ተደርጎ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ወርዳ ለምትሠራ ሴት የቀን ገቢዋ መንገድ ላይ አለቀ።

ደግሞ «እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» ተባልን። ጥሩ ምክር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ያ ምክር ተጨማሪ ጄሪካን ማለት ነው። ጄሪካኑን ተሸክማ ዳገቱን የወጣችው ማን እንደሆነች ደሴን የሚያውቅ አይጠይቀኝም።

«ወንዶቹም ቤት ስለዋሉ ሥራው ተከፋፈለ»

ይቺን እኔም አምኜባት ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፌ ለሳምንት አወራሁት! በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ወንዶች ትንሽ መጨመራቸውን አይክዱም። የሴቶቹ ግን ከዚያ በላይ ጨመረ፤ መነሻውም እኩል አልነበረም። ከወረርሽኙ በፊት እንኳ ክፍያ ከማያስገኘው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ከአራት ሦስት እጁን የምትይዘው ሴት ነበረች። ያን ዓመት ረመዳን ሚያዝያ ላይ ገባ። ተራዊህ ቤት ተሰገደ፣ ወንዱም ልጁም ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ከጎረቤቴ ቤት አስር ሳይደርስ የሾርባ ሽታ ይመጣል፤ ማታ የሳህን ድምፅ። ሁለቱም ጋ እጇ አለበት።

«ትምህርት ሲከፈት ሁሉም ተመለሰ»

አልተመለሰም። ዩኒሴፍ በወረርሽኙ ምክንያት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እስከ 10 ሚሊዮን ተጨማሪ ልጃገረዶች ያለዕድሜያቸው ሊዳሩ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። «ቤት ከምትቀመጥ» የምትለዋ ቃል ለወላጅ ቀላል ናት።

«ሠራተኛ እንዳይባረር ሕግ ወጥቶ የለ?»

ወጥቷል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት የወጣው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። ለፋብሪካ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ ሰው ቤት የምትሠራዋን አያቅፍም። ጉልት የምትቸረችረውም አሠሪ የላት፣ ማን ላይ ይከልከልላት?

በማግስቱ ቡና ወደምትቀዳልን ልጅ ተመልሼ ያኔ ምን ትሠሪ ነበር አልኳት።

«ሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። በሽታ ታመጪብናለሽ ብለው አስቀሩኝ።»

«ደሞዝሽስ?»

«የወሩን ግማሽ» አለችና ሲኒ ማጠቧን ቀጠለች።