ተንበርክኮ ሥራ ማጣት፦ የተጫዋቾች ተቃውሞ እና የኤንኤፍኤል ቅጥር

በአሜሪካ እግር ኳስ አንድን ተጫዋች ከሥራ ለማስወጣት ማባረር አያስፈልግም። ኮንትራቱ ሲያልቅ ዝም ማለት ይበቃል። የሚጻፍ ደብዳቤ የለም፤ የሚነገር ምክንያትም የለም። ለምን አልቀጠራችሁትም ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ሌላ ሰው መርጠናል። ሜዳ ላይ ተቃውሟቸውን ያሳዩ ተጫዋቾች ሥራ ያጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ የክለብ ባለቤቶችን ከተጠያቂነት ያዳናቸው ከሁሉም በላይ ዝምታቸው ነው። የዚህ ሁሉ ዋና ምሳሌ ደግሞ በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር የተንበረከከው ተጫዋች ኮሊን ካፐርኒክ ነው።

ገበያው

የምናወራው በእጅ ስለሚወረወረውና የራስ ቁር ተደርጎ ስለሚጋጩበት የአሜሪካኖቹ ኳስ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊጉ ኤንኤፍኤል ይባላል። 32 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በመደበኛው የውድድር ዘመን 53 ተጫዋቾች ይመዘግባሉ። ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው። አንድ ክለብ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኳርተርባክ ይይዛል። ስለዚህ በመላው ሊግ ያለው የሥራ ቦታ መቶ አይሞላም።

ኮንትራት ላይ የሚጻፈው ገንዘብ ሁሉ የተጫዋቹ አይደለም። ካፐርኒክ በ2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ጋር ለ6 ዓመት ሲያራዝም እስከ 126 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል ተብሎ ተወርቶ ነበር። አብዛኛው ግን ክለቡ ካሰናበተው የማይከፈል ገንዘብ ነበር። ተጫዋቹ በክለቡ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው።

ከእሱ በፊት የነበሩት

ተቃውሞ ሥራ ያላሳጣበት ጊዜም ነበር። በጃንዋሪ 1965 የያኔው ተፎካካሪ ሊግ ኤኤፍኤል የኮከቦች ጨዋታውን ኒው ኦርሊንስ ላይ ሊያደርግ አሰበ። ጥቁር ተጫዋቾቹ ከተማዋ ሲደርሱ ታክሲ አልጭን አላቸው፤ መዝናኛ ቤቶች አላስገባ አሏቸው። 21 ተጫዋቾች አንጫወትም አሉ። ጨዋታው ወደ ሂውስተን ተዛወረ። ይህ የሠራው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል፦ ብዙ ሆነው በአንድ ድምፅ ተናገሩ፤ ደግሞም የሊጉ ምርጦች ስለነበሩ ያለ እነሱ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም።

ብቻቸውን የቆሙት ዕጣ ሌላ ነው። ለዚህ የቅርጫት ኳሱ ታሪክ የበለጠ ግልጽ ነው። የቺካጎ ቡልሱ ክሬግ ሆጅስ በ1991 ቡድኑ ዋይት ሐውስ ሲጋበዝ የአፍሪካ ልብስ ለብሶ ሄደና ስለ ጥቁሮች ኑሮ የሚያትት ደብዳቤ ለፕሬዚዳንት ቡሽ ሰጠ። በማግሥቱ ዓመት ክለቡ ለቀቀው። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ነበር፤ የሦስት ነጥብ ውርወራ ውድድሩንም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፏል። ሆኖም ኮንትራት የሚሰጠው ክለብ አላገኘም። በ1996 ሊጉን ከሰሰ፤ ክሱ በይርጋ ወደቀ። በዚያው በ1996 የዴንቨሩ ማህሙድ አብዱል ራኡፍ ለብሔራዊ መዝሙር አልቆምም ብሎ ለአንድ ጨዋታ ታገደ። በጨዋታ በአማካይ ከ19 ነጥብ በላይ የሚያስቆጥር ሰው ነበር። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ሳክራሜንቶ ተላከ፤ በ1998 ኮንትራቱ ሲያበቃ ሥራ ያገኘው ቱርክ ሄዶ ነው።

ኦገስት 2016

ካፐርኒክ በ1987 ሚልዋኪ ተወለደ። ነጭ ቤተሰብ በጉዲፈቻ ወስዶ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሳደገው። በ2011 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ ፎርቲናይነርስ በሁለተኛው ዙር መረጡት። በ2012 የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ዋናው ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ ሲጎዳ ገባና ስሚዝ ሲድንም ቦታውን አልለቀቀም። በጃንዋሪ 2013 የግሪን ቤይ ቡድን ላይ ኳሱን ይዞ 181 ያርድ ሮጠ፤ ያኔ ኳርተርባክ በአንድ ጨዋታ ያን ያህል ሮጦ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ወር ቡድኑን የሊጉ ፍጻሜ ለሆነው ሱፐር ቦውል አደረሰ፤ በባልቲሞር 34 ለ 31 ተሸነፉ። ከ2014 ጀምሮ ግን ነገሩ ቁልቁል ሄደ። በ2015 ቦታውን ለብሌን ጋበርት ለቀቀ፤ ትከሻውንም ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

በኦገስት 2016 የወዳጅነት ጨዋታዎች ላይ መዝሙር ሲዘመር ቁጭ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ማንም ልብ አላለውም። ኦገስት 26 ላይ ግን ታየ። ሲጠየቅ፣ ጥቁሮችን ለሚጨቁን አገር ባንዲራ በኩራት አልቆምም አለ፤ ሰው ገድለው ደሞዝ እየተከፈላቸው እረፍት ስለሚወጡ ፖሊሶችም አነሳ። ቀጥሎ ኔት ቦየር ከተባለ የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደርና ተጫዋች ጋር ተነጋገረ። ቦየር ከመቀመጥ ይልቅ መንበርከክ ለወታደሩ ክብር ያሳያል አለው። ሴፕቴምበር 1 ሳንዲያጎ ላይ ተንበረከከ፤ የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሪድም አብሮት። የታወቀው ምስል የመጣው እንግዲህ ከወታደር ምክር ነው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ብዙም አያነሱትም።

እኛ በዚያው ሳምንት ሌላ ምስል እያየን ነበር። ኦገስት 21 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ገባ። ከዚያ አሜሪካ ቆይቶ በኦክቶበር 2018 ወደ አገሩ ተመለሰ። የሁለቱ ዋጋ ግን የተለያየ ነው። ፈይሳ የከፈለው በስደት ነው፤ ሙያው ግን አልተዘጋበትም። ሯጭ 32 ባለቤቶች ያሉት አንድ ሊግ ውስጥ ተቀጥሮ አይሠራም፤ አንዱ አዘጋጅ ባይጠራው ሌላው ይጠራዋል።

የ2017 ክረምት

ካፐርኒክ የ2016ን የውድድር ዘመን ጨረሰ። 16 ተችዳውን፣ ማለትም ነጥብ የሆነ ኳስ፣ ወረወረ፤ ባላጋራ የጠለፈበት 4 ኳስ ብቻ ነው። ቡድኑ ግን ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 2 ነው፤ እሱ ከጀመራቸው 11 ደግሞ አንዱን ብቻ። በማርች 2017 ከኮንትራቱ ራሱ ወጣ። አዲሱ አመራር ባይወጣም ኖሮ እናሰናብተው ነበር ብሏል። ለዚህ ነው "ራሱ ነው የለቀቀው" የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት የሚሆነው።

ዕድሜው 29 ነበር። በዚያ ክረምት ገበያው ላይ የነበረውን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። ቺካጎ ቤርስ ማይክ ግሌነንን በ3 ዓመት 45 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። ሲያትል ካፐርኒክን በሜይ ጠርተው አነጋገሩት፤ አሠልጣኙ ፒት ካሮል በዚህ ሊግ ውስጥ ዋና ኳርተርባክ መሆን የሚችል ሰው ነው ብለው አሞገሱት፤ ከዚያ ለተጠባባቂነት ኦስቲን ዴቪስን ቀጠሩ። ከተጠባባቂነት በላይ ነው የተባለ ሰው ተጠባባቂነትም አላገኘም። የባልቲሞሩ ኳርተርባክ ጆ ፍላኮ ጀርባውን ሲያመው የክለቡ ባለቤት ስቲቭ ቢሾቲ ደጋፊዎችን ጸልዩልን አሉ። አንድ የቡድን ባለቤት ኳርተርባክ ለመቅጠር ጸሎት ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ማያሚ ዶልፊንስ ኳርተርባካቸው ሬያን ታኔሂል ሲጎዳባቸው ጡረታ ወጥቶ ቴሌቪዥን ላይ ሊሠራ የተዘጋጀውን ጄይ ከትለርን በ10 ሚሊዮን ዶላር መልሰው አመጡ። ቡፋሎ በኖቬምበር ኔተን ፒተርማን የተባለ ጀማሪ አሰለፉ፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 5 ኳስ ተጠለፈበት።

የኳሱ ሰዎች መልስ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። የካፐርኒክ አጨዋወት በእግሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ታክቲክ ያልነበራቸው አሠልጣኞች ነበሩ። ውጤቱም ከ2014 ጀምሮ ወርዶ ነበር። ተጠባባቂ ሲቀጠር ደግሞ ክለቦች የሚፈልጉት ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ጣጣ አይፈልጉም። ይህ ሁሉ አንድ ክለብ ለምን እንዳልቀጠረው ያስረዳ ይሆናል። 32ቱም በአንድ ጊዜ፣ ከሦስተኛ ተጠባባቂነት ጀምሮ፣ ለዓመታት ለምን እንዳልፈለጉት ግን አያስረዳም።

ሌላ ምክንያት እንደነበር ከራሳቸው አፍ ሰምተናል። የኒውዮርክ ጃያንትስ ባለቤት ጆን ማራ በዚያው ሜይ ላይ፣ ከተጫዋቾቻችሁ አንዱ ይህን ካደረገ ዳግም ስታዲየም አንመጣም የሚሉ ስሜታዊ ደብዳቤዎች እንደደረሷቸው ተናገሩ። ዶናልድ ትራምፕ በማርች ሉዊቪል ላይ፣ ባለቤቶቹ እሱን የማይቀጥሩት የኔን ትዊት ፈርተው ነው ብለው ፎከሩ። ሴፕቴምበር 22 አላባማ ላይ የሚንበረከኩትን በስድብ ጠርተው ከሜዳ ይባረሩ አሉ። በዚያ እሁድ ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተቀመጡ ወይም ተንበረከኩ። ካፐርኒክ ግን ቤቱ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል

ብዙ ሰው የመናገር መብት የት ሄደ ይላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው ከመንግሥት ነው፤ ክለብ ደግሞ የግል ቀጣሪ ነው። የቀረው መንገድ በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ያለው የኅብረት ስምምነት ነበር። ስምምነቱ ክለቦች አንድን ተጫዋች ላለመቅጠር እንዳይመሳጠሩ ይከለክላል። ችግሩ ማስረጃው ነው። እያንዳንዱ ክለብ ለየብቻው ፈርቶ ቢተወው ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ተነጋግረው ሲተዉት ነው። 32 ባለቤቶች ሁሉም ቴሌቪዥን እያዩ፣ ሁሉም ትዊቱን እያነበቡ፣ መነጋገር ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ካፐርኒክ በኦክቶበር 2017 የመመሳጠር አቤቱታ አቀረበ። ባለቤቶችና ኃላፊዎች ቃላቸውን ሰጡ። የዳላስ ክለብ ባለቤት ጄሪ ጆንስ፣ ትራምፕ ይህ ጉዳይ ለእኔ የሚያሸንፍ አጀንዳ ነው እንዳሏቸው በቃለ መሐላ መናገራቸውን ዎል ስትሪት ጆርናል በ2018 ዘግቧል። በኦገስት 2018 ገላጋይ ዳኛው ስቲቨን በርባንክ አቤቱታው ውድቅ ይደረግ የሚለውን የሊጉን ጥያቄ አልተቀበሉም። ነገሩ ወደ ሙሉ ምርመራ ሊሄድ ነው ሲባል፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። ውሉ ሚስጥር ነው። የተከፈለው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ያው ጋዜጣ ጽፏል። ዕርቁ የመጣው ብይን ሳይሰጥ ስለሆነ አንዱ ወገን ድል ይለዋል፣ ሌላው ጣጣ መጨረሻ ይለዋል።

መመሳጠርን ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በጃንዋሪ 2025 የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ያሳያል። ጉዳዩ ስለ ተቃውሞ አልነበረም፤ ስለ ዋስትና ያለው፣ ማለትም ተጫዋቹ ቢሰናበትም ስለሚከፈል፣ ደሞዝ ነበር። ዳኛው ሊጉ ክለቦቹን ዋስትና ቀንሱ ብሎ መገፋፋቱን ተቀበሉ። ክለቦቹ ተስማምተው ይህን ማድረጋቸው ግን አልተረጋገጠም አሉ።

ሪድ፣ ጄንኪንስ እና ሌሎቹ

የኤሪክ ሪድ ታሪክ ብዙም አይነገርም፤ ለቅጥሩ ጥያቄ ግን ከካፐርኒክ ይልቅ የሚያስተምረው የእሱ ነው። የመከላከል ተጫዋች ነው፤ ታክቲክ አይመጥነውም የሚል ሰበብ አይሠራበትም። በማርች 2018 ነፃ ተጫዋች ሲሆን ዕድሜው 26 ነበር። ሊጉ ሲጀመር ሥራ አልነበረውም። በሴፕቴምበር መጨረሻ ካሮላይና ፓንተርስ አንድ ተከላካይ ተጎድቶባቸው አስፈረሙት። እየተንበረከከም ተጫወተ። በ2019 በሕይወቱ ከፍተኛውን የታክል (ባላጋራን ይዞ የመጣል) ቁጥር አስመዘገበ፤ በማርች 2020 አሰናበቱት። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን የልምምድ ቡድን ቦታ ሰጥቶት አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ በኤንኤፍኤል አልተጫወተም።

በሌላ በኩል የፊላደልፊያው ማልኮም ጄንኪንስ መዝሙር ሲዘመር ጡጫውን ያነሳ ነበር። ሊጉ በኖቬምበር 2017 ለማኅበራዊ ጉዳይ 89 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ሲስማማ አቆመ። ሱፐር ቦውል አሸነፈ፤ በ2020 ከኒው ኦርሊንስ ጋር ጥሩ ኮንትራት ፈረመ። ሪድ ይህን ስምምነት እንደ መሸጥ ቆጥሮ ሜዳ ላይ ተናንቆታል። እኔ ጄንኪንስን ለመውቀስ አልቸኩልም። ግን የተቀጠረው ከሊጉ ጋር የተደራደረው እንደሆነ ማንም ያያል።

ኬኒ ስቲልስም ለዓመታት ተንበርክኮ ሥራ ነበረው። ስለዚህ ተቃውሞ ሁልጊዜ ሥራ ያሳጣል ማለት ስህተት ነው። በተግባር የታየው ዋጋው እንደ ሰውየው መለያየቱ ነው። የመጀመሪያውና ፊት ሆኖ የታየው ብዙ ይከፍላል፤ ተከታዩ ያነሰ ይከፍላል፤ ኮንትራቱ ገና ያላለቀ ደግሞ ለጊዜው ምንም ላይከፍል ይችላል።

ከ2019 ወዲህ

በኖቬምበር 2019 ሊጉ በድንገት ለካፐርኒክ አትላንታ ላይ የሙከራ ልምምድ አዘጋጀ። በሚፈርመው ወረቀትና በካሜራ መግባት አልተስማሙም። እሱ ቦታውን ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ቀየረው፤ ጥቂት ክለቦች ተከትለው መጡ። ክንዱ ደህና እንደነበር ያዩት ተናግረዋል። ማንም አልፈረመም።

ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በጁን 2020፣ የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቹን ቀድመን ባለመስማታችን ተሳስተናል አሉ። የካፐርኒክን ስም አልጠሩም። ናይኪ ግን በ2018 የማስታወቂያው ፊት አድርጎታል። ናይኪ የኤንኤፍኤልን መለያ የሚያቀርበው ድርጅት ነው፤ የሊጉ አልባሽ ሊጉ ያልቀጠረውን ሰው ቀጥሮ ጫማ ሸጠበት። በሜይ 2022 ላስ ቬጋስ ሬደርስ ልምምድ አሳዩት፤ አላስፈረሙትም። በ2023 የኒውዮርክ ጄትስ ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ ሲጎዳ ልምምድ ቡድን ውስጥ አስገቡኝ ብሎ ጻፈላቸው። ዕድሜው 36 ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ከአውሮፓው እግር ኳስ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የጀርመኑ ማይንዝ በኖቬምበር 2023 አንዋር ኤል ጋዚን ስለ ፍልስጤም በጻፈው ነገር ኮንትራቱን አፈረሰበት። እዚህ ላይ የተጻፈ ስንብት ነበር፣ የተገለጸ ምክንያት ነበር። ስለዚህ የሚከሰስ ነገር ተገኘ። በጁላይ 2024 የሥራ ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕጋዊ አይደለም ብሎ ወሰነ። ተጫዋቹ በቀጣዩ ወር ወደ ካርዲፍ ሄዶ ፈረመ፤ አንድ ሊግ ቢዘጋበት ሌላ አገር ሌላ ሊግ ነበረው። ለአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ ግን ያን ያህል የሚከፍልና ያን ያህል የሚታይ ሌላ ሊግ የትም የለም።