መንገድ የሚጀምርበት ጠረጴዛ

ሬስቶራንት ሲባል ቶሎ የሚታየን ጠረጴዛ፣ ሜኑ እና አስተናጋጅ ነው። ቃሉ ግን ሲጀመር የቤት ስም አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ «ሬስቶራንት» የሚባለው ለደከመ ሰው የሚሰጥ፣ አቅም የሚመልስ ሾርባ ነበር። ቆይቶ የሾርባው ስም ለሚሸጥበት ቤት ሆነ።

ከዚያ በፊት መንገደኛ የሚበላው ባረፈበት ቤት ነው። ሰዓቱ የተወሰነ ነው። ገበታው የጋራ ነው። የቀረበውን መብላት እንጂ ምርጫ የለም። የፓሪሶቹ ሬስቶራንቶች ይህን ቀየሩት። ሰው በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ ለብቻው ጠረጴዛ ያገኛል፣ ዋጋው የተጻፈበት ዝርዝር ይቀርብለታል። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ አንትዋን ቦቪሊዬ የተባለ ምግብ አብሳይ የከፈተው ቤት ከመጀመሪያዎቹ ዘናጭ ሬስቶራንቶች አንዱ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፦ «ታላቁ የለንደን መሸታ ቤት»። ፓሪስ መሀል ተቀምጦ የሌላ ከተማ ስም ለጥፏል! ከ1789ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ በመኳንንት ቤት ይሠሩ የነበሩ አብሳዮች ጌቶቻቸውን ሲያጡ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። የቤተ መንግሥት ማዕድ ወደ ከተማ ወረደ።

ነገሩን ፓሪስ ብቻዋን ፈጠረችው ማለት ግን ልክ አይደለም። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ የቻይናው የሶንግ ሥርወ መንግሥት መዲና በነበረችው ካይፈንግ፣ ብዙ ዓይነት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ነበሩ። አስተናጋጆች የደንበኛውን ትእዛዝ በቃላቸው ይዘው ወደ ማእድ ቤት እየጮኹ ያደርሱ ነበር። ከደቡብ ቻይና የመጡ ነጋዴዎችና ሹማምንት የሰሜኑ ምግብ ስለማይስማማቸው የደቡብ ምግብ ብቻ የሚሠሩ ቤቶች ተከፈቱ። የካይፈንግ ሰው ደግሞ ከከተማው ሳይወጣ ደቡብን ቀመሰ። ሬስቶራንት ከጥንትም ከመንገድ ጋር የተጣበቀ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ዝምድና ከሁሉ በላይ አጉልቶ ያሳየው የጎማ ፋብሪካ ነው። ወንድማማቾቹ አንድሬ እና ኤድዋር ሚሽሊን በ1900 ለአሽከርካሪዎች አንድ ትንሽ መጽሐፍ በነፃ አደሉ። ያኔ በመላው ፈረንሳይ የነበረው መኪና ገና በጣም ጥቂት ነበር። መጽሐፉ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ቤንዚን የት እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚታደር ይናገራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ካለቀ ሌላ ይገዛል። በ1926 ጥሩ ለሚያበስሉ ቤቶች ኮከብ መስጠት ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው ደረጃ መጣ።

የኮከቦቹ ትርጉም ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። አንድ ኮከብ ማለት መንገድ ላይ ካለ ጎራ ቢሉበት የማያስቆጭ ቤት ነው። ሁለት ኮከብ ማለት ጠምዘዝ ብሎ፣ መንገድ ቀይሮ መሄድ የሚገባው ነው። ሦስት ኮከብ ማለት ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚነሳለት ነው። የጣዕም ደረጃ የተለካው በመንገድ ነው። እስከ ዛሬም መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጡ ይመጣሉ፣ እንደማንኛውም ሰው ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ኮከቡ የሚሰጠው ሳህኑ ላይ ላለው ብቻ ነው። መብራቱ፣ ወንበሩ፣ የግድግዳው ጌጥ አይቆጠርም።

ለተመጋቢው ግን ይቆጠራል። ደግሞም ሊቆጠር ይገባል። ዘናጭ የሚባለው ቤት ውበቱ ከዕቃው ውድነት ይልቅ ከጥቂት የታሰበባቸው ነገሮች ነው የሚመጣው። መብራቱ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ ምግቡም የሰው ፊትም ያምራል። መስታወትና ሲሚንቶ ድምፅ መልሰው ስለሚወረውሩ ቤቱ ሲሞላ መደማመጥ አይቻልም። መጋረጃ፣ ምንጣፍና ለስላሳ ወንበር ድምፁን ይውጣሉ። ፎቶ ላይ የሚያምር፣ ተቀምጠው ሲያወሩበት ግን ጉሮሮ የሚያደርቅ ቤት ብዙ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ቤት ጥሩ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

በዚህ በኩል ትልቁ ምሳሌ በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በሲግራም ሕንፃ የተከፈተው «ፎር ሲዝንስ» ነው። ሬስቶራንቱን የነደፈው አርክቴክቱ ፊሊፕ ጆንሰን ነበር። አራቱ ወቅቶች በተፈራረቁ ቁጥር ሜኑው፣ ተክሉና የአስተናጋጆቹ ልብስ ሳይቀር ይለወጥ ነበር። ወቅቱን ተከትሎ ማብሰል ዛሬ የተለመደ ቢሆንም ያን ጊዜ በትልቅ ከተማ አዲስ ነገር ነበር።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ። ጥሩ ሬስቶራንት ለእኔ ወጥቼ ካርታ የሚያስከፍተኝ ነው። ሜኑ ራሱ እኮ ግማሽ ካርታ ነው፤ ብዙ የምግብ ስም የቦታ ስም ነው። ሮክፎር የሚባለውን አይብ ውሰዱ። ነጭ፣ ፍርፍር የሚል፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ጅማት የተዘረጋበት ነው። አፍ ላይ መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ መጨረሻ ላይ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ስሙ በደቡብ ፈረንሳይ ያለች የአንዲት ትንሽ መንደር ስም ነው። መንደሯ የተደገፈችው ኮምባሉ የሚባል ተራራ ላይ ነው። ተራራው ውስጡ ዋሻ ነው። በዓለቱ ስንጥቅ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይገባል፤ ያንን ጅማት የሚሠራው ሻጋታ የሚወደው ይህን አየር ነው። በ1925 የወጣ ሕግ ይህን ስም ለዚያ አካባቢ ብቻ አድርጎታል፤ እዚያ ዋሻ ውስጥ ያልበሰለ አይብ ሮክፎር ሊባል አይችልም። ዋሻዎቹ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። አንድ ቁራሽ አይብ የቀመሰ ሰው እዚያ ድረስ ቢሄድ አይፈረድበትም። የካምቦዲያው የካምፖት ቁንዶ በርበሬም፣ የጣሊያኑ የፓርማ አይብም እንዲሁ ስማቸው አገራቸውን ይዞ ይዞራል።

አንዳንድ ሼፎች ይህን አውቀው ሠርተውበታል። ሊማ፣ ፔሩ ያለው «ሴንትራል» በ2023 ከዓለም 50 ምርጥ ሬስቶራንቶች ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል። ሼፉ ቪርሂሊዮ ማርቲኔስ ሜኑውን በከፍታ ነው የሠራው። አንዱ ምግብ ከባሕር ጠለል በታች ካለው ነገር ይሠራል። ሌላው ከአማዞን ጫካ፣ ሌላው ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው የአንዲስ ተራራ። ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። መንገዱ እዚያም አላቆመም። በ2018 እሱና ባልደረቦቹ በፔሩ ተራሮች ካለችው ከኩስኮ ከተማ ራቅ ብሎ ሞራይ አጠገብ «ሚል» የሚባል ቤት ከፈቱ። ሞራይ ኢንካ የተባሉት የአንዲስ የጥንት ሰዎች እንደ ቀለበት ደራርበው የሠሯቸው ክብ እርከኖች ያሉበት ቦታ ነው። ሊማ የተበላው የድንች ዓይነት የበቀለበትን ምድር እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ኮፐንሃገንም ሌላ ምሳሌ ናት። በ2003 የተከፈተው «ኖማ» ሰሜን አውሮፓ ምድርና ባሕር በሚያበቅለው ላይ ተመሥርቶ ማብሰል ጀመረ። የጫካ ቅጠል፣ የባሕር አረም፣ ጉንዳን ሳይቀር። በ2010 ከዓለም ምርጥ ተባለ። ከዚያ በፊት ለምግብ ብሎ ዴንማርክ የሚሄድ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። መንግሥታትም ነገሩ ገብቷቸዋል። ታይላንድ በ2002 አካባቢ በውጭ አገር ያሉ የታይ ሬስቶራንቶችን የሚያበዛ ፕሮግራም ጀመረች፤ አንዱ ዓላማ በልቶ የወደደው ሰው ነገ ቱሪስት ሆኖ እንዲመጣ ነው።

ቶኪዮ ደግሞ ዘናጭነት ማለት ትልቅ አዳራሽ እንዳልሆነ የምታሳይ ከተማ ናት። የሚሽሊን መጽሐፍ በ2007 መጨረሻ እዚያ ሲገባ ከፓሪስ የሚበልጥ ኮከብ ሰጣት። ብዙዎቹ ቤቶች ግን ስምንት፣ አሥር ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ባንኮኒ ያላቸው ናቸው። ጌጡ አንድ እንጨት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሜኑም የለም። «ኦማካሴ» ይባላል፣ ምርጫውን ለአብሳዩ መተው ማለት ነው። ዓሣው ዓይናችሁ እያየ ይቆረጣል፤ ከየትኛው ባሕር እንደመጣም ይነገራችኋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቶኪዮ ሳይኬድም የሚገኝ ነው። በየትኛውም ከተማ፣ ሜኑ ላይ የማታውቁት የቦታ ስም ካያችሁ አስተናጋጁን «ይሄ ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ የሚያስብ ቤት መልሱ አለው፤ አንዳንዴ ሼፉ ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል። የወይን ጠጅ ባለሙያ ካለ እሱን ጠይቁ፤ ስለ አፈርና ስለ ኮረብታ ማውራት ሥራው ነው። ቤቱ ውድ ከሆነ ምሳ ሰዓት ሞክሩ፤ ብዙ ቦታ የምሳው ሜኑ አጠር ያለና ረከስ ያለ ነው። ስም ያላቸው ቤቶች ቦታ የሚያሲዙት ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት ስለሆነ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠረጴዛውን መያዝ ይሻላል። የአገሩንም ሰዓት እወቁ። ሊማ ላይ ሴቪቼ የሚባለው፣ በሎሚ የታሸ ጥሬ ዓሣ፣ በልማድ የቀን ምግብ ነው። ዓሣው ጠዋት ከባሕር ስለሚወጣ ሰዉ ትኩሱን በምሳ ሰዓት ይበላዋል፤ ብዙዎቹ የሴቪቼ ቤቶችም ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ።