የጣቢያዎች ርቀት ምንድን ነው?

የኤፍኤም ሬዲዮ ሰፈር ጠባብ ናት። በአብዛኛው ዓለም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነው ያለችው። ጣቢያው ብዙ፣ ቁጥሩ (የሚያሰራጭበት ድግግሞሽ) ጥቂት ስለሆነ አንዱን ቁጥር ለብዙዎች መስጠት ግድ ይላል። አንድ ቁጥር የሚጋሩ ጣቢያዎች እንዳይረባበሹ ማሰራጫዎቻቸው ሊራራቁ የሚገባቸው ትንሹ ኪሎ ሜትር ነው የጣቢያዎች ርቀት የሚባለው።

ስንት ይሁን ታዲያ? አንዱ 28 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚሰማ ከሆነ፣ ሌላውን 56ኛው ላይ መትከል ይበቃል የሚል አይጠፋም። አይበቃም። ሞገድ ጥርት ብሎ መሰማቱን ቢያቆምም ጉዞውን አያቆምም። ለማዳመጥ የማይሆን ደካማ ሞገድ፣ ለመረበሽ ሲሆን ግን አያንስም!

የአሜሪካን ደንብ እንይ። እዚያ «ኤ» የሚባለው ትንሽ ደረጃ ጣቢያ ኃይሉ እስከ 6 ኪሎዋት ነው፤ በደንብ የሚሰማውም 28 ኪሎ ሜትር ያህል። አንድ ቁጥር የሚጋሩ ሁለት «ኤ»ዎች ግን ቢያንስ 115 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ለምን? 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ለተቀመጠው አድማጭ፣ የእንግዳው (ቁጥሩን የሚጋራው ሌላ ጣቢያ) ሞገድ ኃይል ከራሱ ጣቢያ ኃይል አንድ መቶኛ እንዳይበልጥ ስለሚፈለግ ነው። ለዚያ ደግሞ እንግዳው ከአድማጩ 87 ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። 28 እና 87 ሲደመር 115። እስከ 100 ኪሎዋት የሚያሰራጩት «ሲ»ዎች ከአቻቸው 290 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። አጠገብ ያለው ቁጥርም ነፃ አይደለም፤ በ0.2 ሜጋኸርዝ የሚለያዩ ሁለት «ኤ»ዎች እንኳ 72 ኪሎ ሜትር ይጠበቅባቸዋል።

ኤፍኤም አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። ችግሩ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የሚነዳ ሰው ግማሽ ዜና፣ ግማሽ ዘፈን ይሰማል።

መካከለኛ ሞገድ (ኤኤም የሚባለው ሌላው የሬዲዮ ሰፈር) ላይ ግን መዋዋጥ የለም፤ ሁለቱም ተደራርበው ይሰማሉ፣ ፉጨትም ይጨመርበታል። ይባስ ብሎ ርቀቱ በቀንና በሌሊት ይለያያል። ቀን ላይ ሞገዱን የሚመጥጠው የሰማይ ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል። ያኔ ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተንጸባርቆ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይወርዳል። ለዚህ የሚበቃ ርቀት ከየት ይመጣል? ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይዘጋሉ።