15 በመቶ ሁሌ 15 በመቶ አይደለም

ከባቲ የሰኞ ገበያ ፍየል ገዝተው ሊያደልቡ 12,000 ብር ተበደሩ እንበል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው፤ ከዋናው በየወሩ 1,000 ብር ይመልሳሉ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የመጀመሪያው ወር 150 ብር፣ የመጨረሻው 12 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በድምሩ 975 ብር። "ፍላት" ከተባለ ግን እስከ መጨረሻው የሚታሰበው መጀመሪያ በወሰዱት 12,000 ላይ ነው። 1,800 ብር ይከፍላሉ። የመለሱት ሁሉ እንዳልተመለሰ ተቆጥሮ ማለት ነው! ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ የሚጎዳው ከዕዳ ወጥቶ በራሱ ገንዘብ ለመቆም የሚለፋ ሰው ነውና። ደሴም ይበደሩ ኮምቦልቻ፣ ከመፈረምዎ በፊት የየወሩን የክፍያ ሠንጠረዥ በወረቀት ይጠይቁ። የወለዱ ዓምድ ከወር ወር ካልቀነሰ ፍላት ነው።