«ግባበት!» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ተከላካይ በቁጥር ሲበለጥ

ደሴ ሆጤ ሜዳ ዳር ቆሞ የታዳጊዎችን ጨዋታ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቡድኑ ኮርነር ያገኛል፤ ሁሉም ተግተልትሎ ይወጣል። ኳሷ ተመልሳ ትወጣና ሦስት አጥቂዎች በሁለት ተከላካዮች ላይ ይነጉዳሉ። ዳር ያለው ሁሉ፣ አሰልጣኙን ጨምሮ፣ በአንድ ድምፅ «ግባበት!» ይላል። ልጁ ይገባል፤ ኳሷ በጎኑ ታልፋለች፤ ጎል ይሆናል። ከዚያ የሚወቀሰው ልጁ ነው። መወቀስ ያለበት ግን ጩኸቱ ነበር። ደሴም ኮምቦልቻም ሜዳ ዳር ከሚደጋገሙት አባባሎች ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

«ኳስ የያዘውን ግባበት፣ ንጠቀው!»

በቁጥር የተበለጠ ተከላካይ የመጀመሪያ ሥራው መንጠቅ ሳይሆን ማዘግየት ነው። ከኋላ እየተመለሰ ያለ ጓደኛው በሙሉ ሩጫ በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይሄዳል። አጥቂውን 3 ሰከንድ ካቆየው ጓደኛው 20 ሜትር ቀርቦለታል ማለት ነው። ዘሎ ገብቶ ከታለፈ ግን ሁለት ለአንድ የነበረው ሁለት ለባዶ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም እንጂ።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ተከላካዩ በኳሷና በጎሉ መሃል ይቆምና ግማሽ እርምጃ ያህል ኳስ ወዳልያዘው አጥቂ ያጋድላል። ጉልበቱን አጠፍ፣ ክብደቱን ወደ እግሩ ጣቶች ያደርጋል። ትከሻው ገደድ ያለ ነው፤ ደረቱን ፊት ለፊት ከሰጠ በግራም በቀኝም ይታለፋል። ገደድ ካለ ግን አጥቂው ወደ ዳር የሚወስደው አንድ መንገድ ብቻ ይቀርለታል፤ መንገዱ በደካማ እግሩ በኩል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ርቀቱ ከኳሷ 2 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ከዚያ ከቀረበ በአንድ ንክኪ ይታለፋል፤ ከ5 ሜትር በላይ ከራቀ አጥቂው ቀና ብሎ መርጦ ያቀብላል። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እግሩን አያጣምርም፤ ባጣመረባት ቅጽበት አቅጣጫ መቀየር አይችልም።

በዚህ መሃል የሚገባ መስሎ አንድ እርምጃ ይሰነዝርና ይመለሳል። አጥቂው ያኔ ወይ ኳሷን ለመጠበቅ አንገቱን ይደፋል፣ ወይ ሳያስብበት ያቀብላል። ሁለቱም ለተከላካዩ ይጠቅሙታል።

መንጠቅ ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ኳሷ ከአጥቂው እግር አንድ ሜትር ያህል ስትሸሽ፣ ቅብብሉ ሲያጥር፣ ወይም አጥቂው ጀርባውን ለጎሉ ሲሰጥ በፍጥነት መግባት ነው። ተንሸራቶ መንጠቅ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ደግሞ የተንሸራተተ ልጅ ካሰበበት አይቆምም፤ እስኪነሳ አጥቂው ሄዷል።

«ማፈግፈግ ፍርሃት ነው»

አይደለም፤ የት ላይ እንደሚቆም ካወቀ። የሚሳሳቱት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጠብቅና በረኛው እቅፍ ድረስ የሚያፈገፍግ። ማፈግፈጉ ከጎሉ 20 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም 16 ከ50 (የፍጹም ቅጣት ምት ሳጥኑ) ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማብቃት አለበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ጥሩ መቺ ጎል ያገባል። ሦስት ለሁለት ከሆነ እዚያ ላይ አንዱ ወደ ኳሷ ይወጣል፣ ሌላው 4 ወይም 5 ሜትር ከኋላው በሰያፍ ሆኖ ይሸፍነዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተሰለፉ በመሃላቸው የምታልፍ አንዲት ኳስ ሁለቱንም ታስቀራለች።

«በረኛ መስመሩን አይለቅም»

ይህ አባባል ብዙ ጎል አስቆጥሯል። ኳሷ መሃል ሜዳ አካባቢ ሳለች የበረኛው ቦታ የ16 ከ50 ጫፍ አጠገብ ነው፤ ከተከላካዮች ጀርባ የምትጣለውን ኳስ ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነውና። አጥቂው ሲቀርብ በረኛውም እያየው ወደ ጎሉ ይመለሳል። በሩጫ እየተመለሰ ሳለ ግን ምት እንዳይደርስበት፤ አጥቂው እግሩን ሲያነሳ በረኛው በሁለት እግሩ ቆሞ መገኘት አለበት።

ሁለት ለአንድ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ከተገባ ክፍፍሉ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ ምቱ የበረኛው፣ ቅብብሉ የተከላካዩ። ተከላካዩ የበረኛውን ሥራ ለመሥራት ወደ መቺው ከተወረወረ ሁለተኛው አጥቂ ባዶ ጎል ፊት ብቻውን ይቀራል። ይህን በልምምድ ደጋግሞ ያልተነጋገረ ቡድን በጨዋታ ላይ አይግባባም።

«እያንዳንዱ ሰው ይያዝ!»

በማን ይያዝ? ሁለት ሰው ሦስት ሰው መያዝ አይችልም። አንዱን መተው ግድ ነው፤ ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነው። መልሱ ከኳሷም ከጎሉም የራቀውን ነው። ሁለቱ ተከላካዮች ከ6 እስከ 8 ሜትር ተቀራርበው መሃሉን ይዘጋሉ፤ ዳር ያለው ነፃ ይሁን። ኳሷ ወደ እሱ እስክትደርስ ይጠጋሉ፤ ቢመታም ማዕዘኑ የጠበበ ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ነገር አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አየር በሳሳ ቁጥር ረጅም ኳስ ፈጥና ትጓዛለች፣ መጠምዘዟም ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ ደሴ ለጨዋታ የወጣ ተከላካይ ኳሷ ከእግር ስትነሳ እንጂ ከተነሳች በኋላ አይደለም መጠጋት ያለበት። በረኛውም ከፊሽካው በፊት አሥር አሥራ አምስት ረጅም ኳስ ቢቀልብ አይኑ ይለምዳል።

«የሚመለስ ኳሷን ያባርር»

ከኋላ ሆኖ ኳስ የሚያባርር ልጅ ሲታይ ታታሪ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደርስም። የሚመለሰው መጀመሪያ ወደ ጎሉ በቀጥታ ይሮጣል፣ በኳሷና በጎሉ መሃል ሲሆን ብቻ ሰው ይፈልጋል። የክንፍ ተጫዋቹ ወደ ቅርቡ ቋሚ ያቀናል። አማካዩ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ፤ ከዳር ወደ ኋላ የምትሳብ ኳስ ብዙ ጊዜ የምታርፈው እዚያ አካባቢ ነው።

«በኦፍሳይድ እንይዛቸዋለን»

ወደ ፊት ወጥቶ አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ለማድረግ መሞከር ማለት ነው፤ ሁለት ለአንድ ሲሆን ይህ ቁማር ነው። ኳሷ ስትላክለት አጥቂው በራሱ የሜዳ አጋማሽ ካለ ኦፍሳይድ የለም፤ ስለዚህ ለኮርነር ወጥታችሁ የመጨረሻው ተከላካይ መሃል መስመሩን ከተሻገረ፣ ከጀርባው የቆመውን አጥቂ ማንም አያስቆመውም። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ከኳሷ ጋር እኩል ወይም ከኋላዋ ከሆነ ኦፍሳይድ የለም፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ከፊት ሆኖ ወደ ጎን ሲያቀብል ተከላካዩ እጁን ቢያነሳ ከንቱ ነው። እጁን ሲያነሳ ደግሞ መሮጥ ያቆማል። በሰፈር ውድድር ባንዲራ የያዘ ሰው መኖሩም ሁልጊዜ አይታሰብም።

«ጠልፈህ አስቁመው»

መሃል ሜዳ ላይ ሲሆን ቢጫ ነው፤ ያ ልጅ ቀድሞ ቢጫ ካለበት ቡድኑ ወደ 10 ይወርዳል። ከሳጥን ውጪ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ግልጽ የጎል ዕድል ካበላሸ ቀይ ነው። ያንኑ ዕድል ሳጥን ውስጥ ያበላሸው ኳሷን ሊጫወት ሞክሮ ከሆነ ፍጹም ቅጣት ምትና ቢጫ፣ ማልያ ጎትቶ ወይም ገፍትሮ ከሆነ ግን ፍጹም ቅጣት ምትና ቀይ።

«10 ስንቀር አጥቂውን እናስወጣ፣ ሁሉም ሳጥን ውስጥ ይግባ»

ይህኛውን ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ቀይ ካርድ ከታየ በኋላ ከበረኛው ሌላ 9 ሰው ቀርቷል፤ ተጋጣሚ 10 አለው። ፊት ላይ አንድ ፈጣን አጥቂ ከተተወ ተጋጣሚ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተከላካዮች ለእሱ ያስቀራል። ከ10 ሁለት ሲነሳ 8፣ ከ9 አንድ ሲነሳ 8። እኩል ሆነ። አጥቂውን ካስወጣን ግን ሁለቱ የመሃል ተከላካዮችም ያለ ስጋት ወደ ፊት ይመጣሉ፤ የጠረግናት ኳስ ሁሉ እነሱ ጋ ታርፍና በአምስት ሰከንድ ውስጥ ትመለሳለች።

አሰላለፉ 4-4-1 ይሁን። በተከላካዮችና በአማካዮች መሃል ከ10 እስከ 12 ሜትር፤ አራቱ አማካዮች ደግሞ በ35 ሜትር ስፋት ውስጥ። ኳሷ ያለችበት ዳር ይዘጋል፣ ማዶ ያለው ክንፍ ይተዋል። አሰላለፉ የሚፈርሰው አንድ አማካይ ብቻውን ለመጫን ሲወጣ ነው፤ የተወው ቀዳዳ ሳይሞላ ኳሷ በዚያው ታልፋለች። ምልክት ሳይኖር ማንም ብቻውን አይውጣ።

«ይህ በልምምድ አይመጣም፣ የልብ ነገር ነው»

ይመጣል። 30 በ20 ሜትር ሜዳ በኮን፣ ኮን ከሌለ በድንጋይ ወይም በውሃ ላስቲክ ይከለል፤ በአንድ ጫፍ ጎልና በረኛ። ሦስት አጥቂ ለሁለት ተከላካይ ይጀምር፤ ሦስተኛው ተከላካይ ከአጥቂዎቹ 8 ሜትር ከኋላ ሆኖ በዚያው ፊሽካ ይነሳል። ገደቡ 10 ሰከንድ ነው። አጥቂ ካገባ አንድ ነጥብ፤ 10 ሰከንዱ ያለ ምት ካለፈ፣ ወይም ምቱ ከሩቅ ወይም ከጠባብ ማዕዘን እንዲሆን ከተገደደ ለተከላካዮች አንድ ነጥብ። ኳስ መንጠቅ ተጨማሪ ነጥብ የለውም፤ ካለው ልጆቹ ተመልሰው ዘለው መግባት ይጀምራሉ። 6 ጊዜ ከተሠራ በኋላ 3 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር። ለጀማሪዎች በ25 በ15 ሜትር ላይ በሁለት ለአንድ መጀመር ይሻላል።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የተመላሹ ርቀት ነው፤ 4 ሜትር ላይ ካስቀመጡት ወዲያው ይደርስና ተከላካዮቹ ምንም አይማሩም፣ 15 ሜትር ላይ ካስቀመጡት መቼም አይደርስም። ሁለተኛው የአሰልጣኙ ፊሽካ ነው። በየስህተቱ ካስቆመ ልምምዱ ሕይወት ያጣል፤ ሦስት ጊዜ ይጫወቱ፣ በአራተኛው አስቁሞ የእግር አቋቋሙንና የትከሻውን አቅጣጫ ያሳይ። ልምምዱ እየሄደ ሳለ ከዳር የሚፈቀድ ቃል «ቆይ!» ብቻ ይሁን።