«ነፍሳት ፍርስራሽ ይበላሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለገጣፎም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ቤት በፈረሰ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል፦ ነፍሳት ፍርስራሽ የሚበሉ ከሆነ ይህ ሁሉ ብሎኬት ለምን መንገድ ዳር ይከመራል?

ግራ የሚያጋባው «ፍርስራሽ» የሚለው ቃል ነው፤ ሁሉንም በአንድ ይጠቀልላል። ብሎኬት፣ ብረትና ቆርቆሮ የነፍሳት ምግብ አይደሉም። የሚበሉት እንጨቱን፣ ጭዱን፣ ካርቶኑን፣ እንዲሁም አንዳንድ ፕላስቲክ ነው። የፈረሰ የጭቃ ቤት ማገር ሰበር አድርጋችሁ እዩ፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ባህር ዛፍ ውስጡ ተቦርቡሮ አፈር ሞልቶት ታገኙታላችሁ። የምስጥ ሥራ ነው። እንጨቱን ለመፍጨት የሚረዷት በአንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው።

ከፕላስቲኩ በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነጩ ፎም ነው፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው 100 የዱቄት ትሎች (የጥንዚዛ እጭ ናቸው) በቀን ከ34 እስከ 39 ሚሊግራም ፎም ይበላሉ። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ፎም ለ100 ትሎች ከ70 ዓመት በላይ ይበቃል! 100 ሺህ ትሎች ግን በአንድ ወር ገደማ ይጨርሱታል።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው ፍጥነቱ ነው፤ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ እርጥበቱና እንደ ፎሙ ዓይነት። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የተቀባ እንጨት ግን ለነፍሳት አይሰጥም፤ መርዙ ወደ ነፍሳቱ፣ ከዚያም እነሱን ወደምትለቅመው ዶሮ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ገልባጭ መኪናው ከመምጣቱ በፊት እንጨቱንና ፎሙን ከብሎኬቱ ለዩ።