የውሃ ፎቶ አይቶ ስለመጻፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጣቶች ጋር ፎቶ እያየን እንጽፋለን። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ደህና አድርጎ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ወረቀት ይገባል። የሰው ፊት፣ የሰኞ ገበያ ግርግር፣ ያረጀ በር ሲቀርብ የሚጻፈው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይለያያል። ውሃ ሲቀርብ ግን ሁሉም ተማክረው የመጡ ይመስል አንድ ድርሰት ይጽፋሉ። ሐይቅ ከሆነ ፀጥታ፣ ወንዝ ከሆነ የሚያልፍ ዘመን፣ ዝናብ ከሆነ የሰማይ እንባ። ይህን ማንበብ ሰልችቶኛል። ልጆቹ መጻፍ ስለማይችሉ አይደለም፤ ሲችሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከክፍል፣ ከመድረክና ከፌስቡክ ግጥም የለቀሟቸው ጥቂት እምነቶች እጃቸውን ጠፍረው ስለያዙት ነው።

«ጥሩ ካሜራ ያስፈልጋል» የሚለው ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ስልክ ይበቃል። ትንሽ የደበዘዘ ፎቶ እንዲያውም ለጸሐፊ የተሻለ ነው፤ የሚሞላው ቦታ ይተውለታል።

«ስለ ውሃ ለመጻፍ ባሕር ማየት አለብኝ» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው። ቦርከና ደሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። እንዲህ ያለ ጉዞ ያለው ወንዝ ደጃፉ እያለፈ ባሕር የሚናፍቅ ጸሐፊ አጠገቡ ያለውን ገና አላየም።

«ውሃ ሰማያዊ ነው» ብለው የሚጀምሩ ደግሞ ፎቶውን አላዩትም ማለት ነው። ንጹሕ ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂቱ ስለሚውጥ ጥልቀት ሲኖረው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እውነት ነው። ፎቶ ላይ የምናየው ቀለም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰማዩ፣ የአፈሩና የአልጌው ነው። ቦርከና በክረምት የሚለብሰው ከተራራው የተጠረገውን አፈር ነው። የኮምቦልቻ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚቀላቀላቸውም በጥናት የተጻፈ ጉዳይ ነው። የውሃው ቀለም ከየት እንደመጣ ያወቀ ጸሐፊ ግማሽ ታሪክ በእጁ ይዟል።

አሁን ትንሽ ወደሚከብደው ልለፍ፦ «ፎቶ ያለውን እንዳለ ያሳያል።» አያሳይም፤ በተለይ ውሃን። የካሜራው መዝጊያ ለ1/1000 ሰከንድ ብቻ ሲከፈት፣ ድንጋይ ላይ የተሰበረው ውሃ ነጠላ ነጠላ ጠብታ ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ካሜራ፣ መዝጊያው 1 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ጠብታው ሁሉ ይጠፋና ውሃው የተዘረጋ ነጭ ነጠላ ይመስላል። ወንዙ ዳር የቆመ ሰው ሁለቱንም አላየም፤ የሰው ዓይን እንዲህ አያይም።

አንዲት ተማሪ ቦርከና በጠባቡ ገደል ከሚያልፍበት ከዶሮ መዝለያ የተነሳ እንዲህ ያለ ፎቶ ደረሳት። የጻፈችው ታሪክ ባለታሪክ አንድ እረኛ ነው። ልጁ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ውሃውን «እንደ ሐር ሲንሳፈፍ» ያያል። እዚህ ላይ አስቆምኳት። እረኛው ሐር አያይም። እረኛው የሚያየው እየተጋጨ የሚዘል፣ አረፋ የሚደፍቅ፣ በድምፁ የበጎቹን ጩኸት የሚውጥ ውሃ ነው። ሐሩን የሠራው ካሜራው ነው። ስለዚህ ጸሐፊው መጀመሪያ መምረጥ አለበት፦ የሚተርከው ፎቶውን የያዘ ሰው ነው ወይስ ወንዙ ዳር የቆመ ሰው? ፎቶውን የያዘ ሰው ከሆነ በጽሑፉ ውስጥ ፎቶው ራሱ ይኑር፣ ጠርዙ ይታጠፍ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ይኑር። ወንዙ ዳር የቆመ ከሆነ ደግሞ ድምፅና ብርድ ይግባ፤ ፎቶ ሁለቱንም አልያዘም።

ነጸብራቅም እንዲሁ ነው። «ሐይቁ ተራራውን እንደ መስታወት ገልብጦ አሳየ» የምትለውን አረፍተ ነገር ቆጥሬ አልጨርሳትም። ነጸብራቅ የተገለበጠ ቅጂ አይደለም። ውሃው የሚያሳየን፣ ዓይናችን ከውሃው በላይ ባለው ልክ ከውሃው በታች ወርደን ሽቅብ ብንመለከት የምናየውን ነው። ዳር ቆመን የድልድዩን ጎን ስናይ ነጸብራቁ የድልድዩን ሆድ ያሳያል። ታንኳ ላይ የተጎነበሰ ሰው ፊቱ ከእኛ ቢሰወር ውሃው ላይ ሊገኝ ይችላል። ቁልቁል ስናይ ደግሞ ውሃ ከሚያርፍበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፣ አግድም ስናይ ግን ብዙውን ይመልሳል፤ እግራችን ሥር ያለው ውሃ ታቹን፣ ራቅ ያለው ሰማዩን የሚያሳየን ለዚህ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ የደበቀውን ፊት ውሃው እንደሚያወጣበት የገባው ጸሐፊ «እንደ መስታወት» ብሎ አያልፍም።

እንግዲህ ዋናው፣ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ፦ «ውሃ ማለት ሰላም ማለት ነው።»

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘውን፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን ሐይቅ አስቡ። ጠዋት ነው፣ ነፋስ የለም፣ ውሃው ተንጣሎ ተኝቷል። ሁሉም «ያረፈች ነፍስ» ብለው ይጽፋሉ። አገሬው ግን ስለዚህ ውሃ ሲተርት የሚያወራው ስለ እረፍት አይደለም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣ፤ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ጠፋች፤ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች። ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘችው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ያቺ መሬት ናት። በዚህ ተረት ውስጥ በደል አለ፣ ቁጣ አለ፣ ፍርድ አለ። ውሃው የተኛው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን የሰማ የወሎ ልጅ ያንኑ ፎቶ አይቶ ከ«ፀጥታ» ሌላ ነገር ሲያጣ እንዴት አልናደድ?

ተረቱን እንተወው፤ መሬት ላይ ያለው እውነታም ሰላም አይሰብክም። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባበትን ሁሉ ይዞ የሚቀር ውሃ ነው። ከዚህ ስንት ዓይነት ሰው ይወጣል? ሁሉንም ሰምቶ ምንም የማይመልስ አባት፣ የሰጡትን አደራ የማያወጣ ጎረቤት፣ ቂም የያዘ ወንድም።

የዚህ ስሕተት ሥሩ ይገባኛል። ሰምና ወርቅ እየሰማን አድገናል፤ የሚታየው ነገር ሁሉ ሌላ የተሰወረ ነገር እንዲኖረው እንፈልጋለን። መልካም ነው። ግን ቅኔ የቆጠረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቅ የሚፈስበት ቅርጽ የለም። ልጆቹ ሰሙን ሳይሠሩ ወርቁን ይቸኩላሉ። «ወንዙ ዘመን ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ ወንዙ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ ገና አልፈሰሰም፣ ማንንም አላረጠበም፣ የማንንም ልብስ አልወሰደም።

አንድ ፎቶ አለ፤ ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ ከድልድይ ላይ በስልክ የተነሳ። ቦርከና ሞልቷል፣ ቡናማ ነው፣ እንጨትና ፌስታል ይዞ ይወርዳል። ከታች በግራ ጥግ፣ ውሃው ባጋደመው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንድ የልጅ ኮንጎ ጫማ ተሰክቷል። ሮዝ ነው፣ ሶሉ ወደ ላይ ነው፣ ማሰሪያው ተበጥሷል። ጠረጴዛውን ከከበቡት ሁሉ ጫማውን ያየው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ስለ ቁጡ ወንዝ ጻፉ። እሱ የጻፈው ልጅቷ ስላልሰመጠችበት ቀን ነው። አንዱን ጫማ ውሃ ሲወስድባት ሌላውን ራሷ አውልቃ ትወረውረዋለች፤ አንድ ጫማ አድርጎ እቤት መግባት ባዶ እግርን ከመግባት ይልቅ ጥያቄ ያበዛልና። እናትየዋ በር ላይ ቆመው፣ «ሁለቱንም? ውሃው ሁለቱንም እግርሽን አውልቆ ወሰደ?» ይሏታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለዚያች ትንሽ ውሸት ነው። ወንዙ በታሪኩ ውስጥ ከሁለት ቦታ በላይ አይነሳም፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁ ይሰማል።

ልጁ ይህን ጽሑፍ «ውሃ» በሚል ርእስ ለተዘጋጀ አንድ ውድድር ልኮት ስለ ውሃ አይደለም ተብሎ ተመለሰለት። ያሸነፈው «የሰማይ እንባ» ያለበት ነው። እንዲህ እየሸለምን ልጆቹ ለምን አንድ ዓይነት ይጽፋሉ ብለን መጠየቅ አንችልም።

ፈረቃ ጠብቆ ቧንቧ ሥር የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካንም የውሃ ፎቶ ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ያለው ጠብ፣ ፍቅር፣ ወሬና ተራ መንጠቅ ለአንድ ልብ ወለድ ይተርፋል። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. በውሃ ላይ ለሚሠራው ድርጅት ለዋተርኤይድ የሠራቻቸውን፣ የውሃን ችግርና የሴቶችን ሸክም የሚያነሱ ፎቶዎች ያነሳችው አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ የጨው ምድር። ስለ ውሃ ለመናገር ከለምለም ወንዝ ዳር ይልቅ ጨዋማውንና ደረቁን ምድር መረጠች። የመረጠችበትን ምክንያት ለማሰብ ጥቂት ጊዜ የሰጠ ልጅ ዳግመኛ «ፀጥታ» ብሎ አይጀምርም።

ወደ ቀረው ልመለስ። «ሥራው ፎቶውን በቃላት መግለጽ ነው» ይላሉ። አይደለም። ፎቶውን ያየ ሰው ያየውን መልሳችሁ ብትነግሩት ምን ያደርግለታል? ጽሑፉ የሚጀምረው ፎቶው ከሚያልቅበት ጠርዝ ነው። ማን አነሳው? የት ቆሞ? ከጀርባው ማን ነበር? ማንስ እዚያ መቆም አይችልም? የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳማዊ ኑሮና ትምህርት ያስፋፉበት፣ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። ስለዚህ ከገዳሙ ግቢ ውስጥ የተነሳ የሐይቁ ፎቶ ሴት ቆማ ያላየችው ውሃ ነው። አንዲት ተማሪዬ ከዚህች አንዲት ነገር ተነስታ፣ ለመነነ ወንድሟ ስንቅ ይዛ ሴት እስከሚፈቀድላት ድረስ የምትሄድ እህት ጻፈች። እህትየዋ ሐይቁን ከዚህ ማዶ ታየዋለች፣ ወንድሟ ከዚያ ማዶ፤ ስንቁን የሚያደርሰው ሌላ ሰው ነው። በፎቶው ላይ ሰው የሚባል አልነበረም።

«ለውሃ ግጥም እንጂ ዝርው አይሆንም» የሚለውን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ይተውት።

«ቅጽል ሲበዛ ጽሑፍ ያምራል» የሚለው ግን ብዙዎችን ይጎዳል። አማርኛ ለውሃ ግስ አያንሰውም፦ ይፈልቃል፣ ይሰርጋል፣ ይንፎለፎላል፣ ይንዶቀዶቃል፣ ይንጠባጠባል፣ ይንቦጫረቃል፣ ኩልል ይላል። «ውብና ማራኪው ንጹሕ ውሃ» ከሚል ሰው ይልቅ «ውሃው ይሰርጋል» ያለ ሰው አፈሩንም አሳይቶኛል።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። ፎቶውን መሀሉን በመዳፉ ይሸፍንና ጠርዙን ብቻ ይይ፤ የኮንጎው ጫማ የተገኘው ጥግ ላይ ነው። ወሩን ይገምት፤ በጥርና በነሐሴ ቦርከና አንድ ወንዝ አይደለም፣ ለበልግ ዝናብ የጸለየ ገበሬም ውሃን እንደ ከተሜው አያይም። ሰዓቱን ከጥላው ያንብብ። ከዚያ ይህ ውሃ ትናንት ማንን ምን አደረገ፣ ነገ ማንን ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቅና አንድ ሰው፣ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው፣ ውሃው አጠገብ ያቁም። «እንባ»፣ «ዘመን»፣ «ነፍስ» የሚሉትን ለመጀመሪያው ረቂቅ ይከልክል። ሲጨርስ ፎቶውን ደብቆ ጽሑፉን ላላየው ሰው ያንብብለት። ሰውየው «እስቲ ፎቶውን አሳየኝ» ካለ ጽሑፉ ገና ፎቶው ላይ ተደግፏል፤ ተመልሶ ይሥራው። «ከዚያስ ልጅቷ ምን ሆነች?» ካለ ግን ፎቶውን ማሳየት አያስፈልግም።